“አውጣጣ” በሚለው ቃል ያገኘሁት ዜሮ

በመጀመሪያ በደሌ ይመዝገብልኝ። ሰባት ልጅ ወልጄ፣ አምስት ድሬ፣ ስንቱን ባልና ሚስት አስታርቄ፣ በዚህ ዕድሜዬ ዜሮ ከአምስት ተሰጥቶኛል። ዜሮው የተጻፈው በልጅ ልጄ በሲፈን ደብተር ላይ ነው፤ በቀይ እስክሪብቶ፣ ድፎ ዳቦ አክሎ። መልሱ ግን የእኔ ነበር። ያውም ልክ ነበር። ልክ የሆነ መልስ ዜሮ ሲሰጠው ዝም ብዬ ካለፍኩ፣ ነገ “ፀሐይ በምዕራብ ወጣች” ቢሉኝም “እሺ” ማለቴ አይቀርም።

ሲፈን አራተኛ ክፍል ናት። እናቷ፣ የእኔ የመጨረሻ ልጅ፣ ለሥራ ዐረብ አገር ከሄደች ሁለት ዓመት ሆናት። ከዚያ ወዲህ ጎፋ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምንኖረው እኔና ሲፈን ብቻ ነን። ሲፈን ዝምተኛ ናት። እኔ ደግሞ የሁለት ሰው እናገራለሁ፤ ስለዚህ ቤታችን ሚዛኑ አልተዛባም። ሰው “እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት!” ሲለኝ “ማን አሳደጋትና!” እላለሁ። እኔን ማንም ጨዋ ብሎኝ ባያውቅም።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ ደብተሯን ዘረጋች። የቤት ሥራው እንዲህ ይላል፦ “‘አውጣጣ’ የሚለውን ግሥ ፍቺ ጻፉ። ቀጥሎም በራሳችሁ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገቡት።”

ደሜ ሞቀ። እኔ የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመን ነው፤ ፊደል ቆጥሬ፣ ስሜን መጻፍ ስችል በቃኝ ብዬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ከሲፈን ደብተር ውስጥ አንድም የማውቀው ነገር ወጥቶ አያውቅም። ይኸ የክፍልፋይ ሒሳብ የሚሉት፣ ይኸ ሳይንስ የሚሉት፣ ሁሉም ሲያልፉኝ ኖረዋል። ይቺ ቃል ግን የእኔ ናት!

“ነይ ተቀመጪ” አልኳት። “ይቺን እኔ ነኝ የማውቃት።”

ማውጣጣት ማለት መጠየቅ ብቻ እንዳይመስላችሁ። መጠየቅማ ማንም ይጠይቃል። ታክሲ ተራ የቆመውን ሁሉ “ይሄ ወዴት ነው?” ማለት ጥያቄ ነው፤ ማውጣጣት ግን አይደለም። ማውጣጣት ሰውየው ሊናገረው ያላሰበውን፣ አንዳንዴም በሆዱ እንዳለ ራሱ የማያውቀውን፣ ቀስ እያሉ መሳብ ነው። ከጥልቅ ጉድጓድ ውሃ እንደ መቅዳት ማለት ነው። ገመዱን ከመነጨቃችሁት ባልዲው እመንገድ ላይ ይደፋል።

ይህን የተማርኩት ከአባቴ በሬ ነው። ላፍቶ ገና እርሻ ሳለ፣ እኔም ልጅ ሳለሁ፣ የአባቴ ቀይ በሬ ጠፋ። ሽማግሎቹ የአካባቢውን ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ሰብስበው አውጫጭኝ ተቀመጡ። አውጫጭኝ ማለት በዳዩ እስኪታወቅ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ የማይሄድበት ስብሰባ ነው። ዝናብ ቢመጣ መቀመጥ ነው፣ ላም ብትወልድ መቀመጥ ነው። የሚያውቅ ሰው “አየሁ” አይልም፤ ጠላት ያፈራል። “ወፍ ነገረችኝ” ነው የሚለው። እኛም ሦስት ቀን ተቀምጠን በሦስተኛው ቀን ወፏ ተናገረችና በሬው ከአጎቴ ጓሮ ተገኘ። አጎቴ እስኪሞት ድረስ ወፍ አይወድም ነበር።

ይህንን ጥበብ እኔም ወደ ኮንዶሚኒየም አምጥቼዋለሁ። ባለፈው ዓመት ቢጫ ጀሪካኔ ሲጠፋ፣ የሦስተኛ ፎቅን ሰው ሁሉ ደረጃው ላይ ሰብስቤ ራሴ ከታችኛው መውረጃ ላይ ተቀመጥኩበት።

“አንቺ ሴትዮ፣ ሱቄን ከፍቼ ነው የመጣሁት!” አለችኝ ዘይነባ። ዘይነባ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናት፤ ምድር ቤት ሱቅ አላት፣ ምላስም አላት።

“ወፏ እስክትናገር ማንም አይወርድም!”

ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀመጥን። የአንዱ ወጥ አረረ። የሌላው ልጅ ሽንቱ መጣ። በመጨረሻ ጀሪካኑ የት ቢገኝ ጥሩ ነው? ከራሴ አልጋ ሥር። ራሴ ነኝ ያስገባሁት፣ እንዳይሰረቅ ብዬ። ዘይነባ ከዚያ ቀን ጀምሮ “ዳኛዋ” ነው የምትለኝ። ስሜን ረስታዋለች።

ቢሆንም ቃሏን አውቃታለሁ። እናም ለሲፈን እንዲህ ብዬ አስጻፍኳት፦ “አውጣጣ ማለት ዝም ያለን ሰው በብልሃት አናገረ፣ በሆዱ ያለውን በአፉ አስወጣ ማለት ነው።” ዓረፍተ ነገሩን ደግሞ፦ “የአባቴ ቀይ በሬ በጠፋ ጊዜ ሽማግሎቹ አገሩን ሦስት ቀን ሜዳ ላይ አስቀምጠው እውነቱን አውጣጡ።”

ሲፈን እርሳሷን አንስታ ቀና ብላ አየችኝ።

“እማማ፣ ‘በራሳችሁ’ ይላል እኮ።”

“ታዲያ የእኔ የአንቺ አይደለም እንዴ? ጻፊ!”

ጻፈች። በማግሥቱ ዜሮ መጣ። ከዜሮው ሥር “ወላጅ ይምጣልኝ” ይላል።

ዘይነባ ደብተሩን ተቀብላ አየችው፤ አገላብጣ እንደገና አየችው። “ዳኛዋ” አለች፣ “ይግባኝ በይ እንጂ!”

“እላለሁ!”

በማግሥቱ ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ። ትምህርት ቤቱ ሀይሌ ጋርመንት አጠገብ ነው። ታክሲ ውስጥ እንደተቀመጥኩ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ያለ ምስክር እንዴት ሸንጎ እቀርባለሁ?

“ልጆቼ” አልኩ ጮክ ብዬ፣ “አውጣጣ ማለት ምን ማለት ነው?”

የአዲስ አበባ ሰው ታክሲ ውስጥ ጥያቄ ሲሰማ ስልኩ ውስጥ ይገባና በሩን ይዘጋል። እኔ ግን የሜዳው ልጅ ነኝ። አጠገቤ ወደተቀመጠው ከረባት ያሰረ ሰውዬ ዞርኩ።

“ወንድሜ፣ ሚስት አለህ?”

“አለችኝ” አለ እየተጠራጠረ።

“አምሽተህ ስትገባ ምን ትልሃለች?”

“‘የት አመሸህ?’ ትለኛለች።”

“አንተስ?”

“‘ሥራ በዛ’ እላለሁ።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ ‘ከማን ጋር ነበርክ?’ ትላለች። ‘ምን በላህ?’ ትላለች። ‘ሸሚዝህ ለምን ጥብስ ጥብስ ይሸታል?’ ትላለች። ‘እኔ መች ተቆጣሁ፣ እንዲያው ለማወቅ ነው’ ትላለች…”

“በመጨረሻስ?”

ሰውየው ተነፈሰ። “በመጨረሻማ እናገራለሁ።”

ታክሲው በሳቅ ፈነዳ። “ማውጣጣት ይሄ ነው!” አልኩ። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ “የእኔም እናት እንደዚሁ ነው የምታደርገኝ” አለች። ሌላው “ይሄ እንኳ ምርመራ ነው” አለ። ሾፌሩ ሳይቀር “ማውጣጣትና መነዝነዝ ይለያያል!” ብሎ በመስታወቱ በኩል ገባበት። ክርክሩ ጦፎ፣ ለሁለት ተከፍለን፣ እኔ ድል ላደርግ ምንም አልቀረኝም ነበር። በመስኮት ሳይ ግን ሀይሌ ጋርመንትን ካለፍን ቆይተናል።

“ወራጅ አለ!”

በፀሐይ ወደ ኋላ ተመለስኩ። ምስክሮቼ ሁሉ ወደየጉዳያቸው ሄዱ። ሰው ሲስቅ እንጂ ሲመሰክር ከጎን አይገኝም።

በሩ ላይ ዘበኛው አስቆመኝ። ሽበታም፣ ረጋ ያለ ሰው ነው።

“ወዴት ነዎት እናቴ?”

“ፍትሕ ፍለጋ።”

“ፍርድ ቤቱ ወዲያ ማዶ ነው።”

“የእኔ ጉዳይ ከአስተማሪ ጋር ነው!” ብዬ የሲፈንን ክፍል ነገርኩት። ከዚያ አሰብኩ፤ ይህ ሰው ሁሉንም ያውቃል፤ ስለ አስተማሪው ላውጣጣው እንጂ። “ለመሆኑ እንዴት ያለ ሰው ነው? ቁጡ ነው? ይሳደባል?”

“እህ…” አለ ዘበኛው።

“የእኔን ልጅ ዜሮ ሰጥቷታል እኮ!”

“እህ?”

“መልሱ ደግሞ የእኔ ነው!”

“እህ!”

ምን ልበላችሁ፤ ወደ ልቤ ስመለስ ስለ ጉልበት ሕመሜ፣ ስለ ሟቹ ባሌ፣ ስለ ጀሪካኑ፣ ጭራሽ ለቄሱ እንኳ ያልነገርኩትን ነግሬዋለሁ። ሰውየው በሦስት “እህ” አራቁቶኛል። “ጨርሰዋል?” አለኝ በትሕትና። “እንግዲያው ይግቡ። አስተማሪው ገና ጧት ነው ‘እንግዳ ትመጣለች’ ያለኝ።”

አስተማሪው ቀጭን ወጣት ነው፤ እጅጌው ጠመኔ ለብሷል። ሳየው አነሰብኝ። ለዚህ ነው ሌሊቱን ሙሉ ንግግር ሳጠና ያደርኩት?

“ይቀመጡ እማማ።”

“ቆሜ ነው የምናገረው!”

“እሺ” አለና እሱም ቆመ። ቆመን ቆመን ጉልበቴ ከዳኝ፤ ተቀመጥኩ። እሱም ከእኔ በኋላ ተቀመጠ።

ከበሬው ጀምሬ እስከ ዜሮው ተናገርኩ። አንዴም አላቋረጠኝም። ይህ ትልቅ ችግር ፈጠረብኝ፤ ምክንያቱም ያጠናሁት ሲያቋርጠኝ የምመልሰውን ነበር። ስጨርስ እንዲህ አለኝ፦

“እማማ፣ መልሱ ልክ ነው።”

“እ?”

“ልክ ነው። እንዲያውም ከመጽሐፉ ይሻላል።”

“ታዲያ ዜሮው ምን አመጣው?”

“ሲፈን ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ቀይ በሬ ጠፍቶባት አያውቅም።”

“ጽሑፉ የእጇ ነው!”

“እጁስ የእሷ ነው። እኔን የቸገረኝ አፉ ነው።” ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ከመስከረም ጀምሮ ድምፅዋን ሰምቼ አላውቅም። ስም ስጠራ እጇን ታወጣለች እንጂ ‘አቤት’ አትልም። ስጠይቃት ጠረጴዛ ጠረጴዛውን ታያለች። አሁን አሁን ልጆቹ ‘ዲዳዋ’ ማለት ጀምረዋል። እከለክላቸዋለሁ፤ ግን እሷም ስሙን እየተቀበለችው እንዳይሆን ነው የምፈራው።”

“ማን ነው እንደዚያ ያላት? ስሙን ስጠኝ!”

“እማማ።”

“እሺ” አልኩ። ጨዋ ናት እያልኩ የኮራሁበት ዝምታ፣ እዚህ ሌላ ስም ወጥቶለታል።

ሲፈንን አስጠራት። ገብታ አጠገቤ ቆመች።

“ሲፈን፣ ምሳሽን በላሽ?” አላት።

“በልታለች!” አልኩ። “እንቁላል ነው የቋጠርኩላት።”

አየኝና ወደ እሷ ተመለሰ። “ሲፈን፣ የቤት ሥራው ከበደሽ?”

“ኧረ ምንም አልከበዳት!”

“ሲፈን፣ የምትቀመጪበት ቦታ ከሰሌዳው አይርቅብሽም?”

“ዓይኗ ደህና ነው። የእኔን ዓይን ነው የወሰደችው።”

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። “እማማ፣ እርስዎን አንድ ነገር ልጠይቅ?”

“ጠይቀኝ!”

“ሲፈንን ሦስት ጥያቄ ጠየቅኳት። ስንቱን መለሰች?”

በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። አንዱ የእንቁላሉ… ሁለተኛው… ጣቴ እንደታጠፈ ቀረ።

አስተማሪው ከጆግ ውሃ ቀድቶ ሰጠኝ። ራሴን አውቀዋለሁ፤ አፌ ባዶ ከሆነ ይናገራል። ስለዚህ አንድ ጉንጭ ሙሉ ያዝኩና ሳልውጠው ቁጭ አልኩ።

እሱም ጠየቃት። “ሲፈንዬ፣ ይህቺን ቃል አንቺ ራስሽ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ብታስገቢያት ምን ትጽፊ ነበር?”

ከዚያ ዝም አለ። ልብ በሉልኝ፤ ጠይቆ ዝም አለ። “አይዞሽ” አላለም። “ቶሎ በይ” አላለም። ጥያቄውን አልደገመም። ዓይኑን እንኳ አላፈጠጠባትም፤ ቀን ሙሉ የሚቆይ ሰው ይመስል እጁን አጣጥፎ በመስኮት ያያል። እኔ ደረጃ ላይ ስንቱን አባወራ አፍኜ ያልጨነቀኝ ሴትዮ፣ እዚያ ወንበር ላይ አልቅሼ ልሞት ደረስኩ። ጉንጬ ተወጠረ። መልሱ ምላሴ ላይ እየዋኘ ነበር። ደወል ተደወለ፤ አልተነሳም። ልጆች እየተንጫጩ አለፉ፤ አልዞረም። እኔ ስንቴ ነው ይህቺን ልጅ ጠይቄ ይህን ያህል የጠበቅኋት? ኧረ ሩቡን ያህል?

ሲፈን ደብተሯን ከጠረጴዛው ላይ ሳበች። ገልብጣ የመጨረሻውን ገጽ ከፈተች። በእርሳስ፣ በደቃቃ ጽሕፈት የተጻፈ ነገር ነበር። ጉሮሮዋን ጠረገችና አነበበችው፦

“እናቴ ደውላ ‘ሲፈንዬ እንዴት ነሽ?’ ስትለኝ አያቴ ‘ደህና ናት’ ትላታለች። እናቴ ከእኔ ምንም አላውጣጣችም።”

ውሃውን ዋጥኩት። ድንጋይ ሆኖ ወረደ።

ልከራከር ፈልጌ ነበር፤ አልዋሻችሁም። ልጄ ሰው ቤት ሠርታ የምታድር ናት፤ ይቺ በዚህ ብታለቅስ፣ ያቺ በዚያ ብታለቅስ፣ ማን ያባብላቸዋል ብዬ ነው። ስለዚህ በየእሑዱ ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ “ደህና ናት! በልታለች! አድጋለች! ሰላም ብላሻለች!” እያልኩ እጮኻለሁ። ሲፈን ከጎኔ ቁጭ ብላ ታዳምጣለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ከእናትና ልጅ መካከል ቃል ነጥቄ ስበላ ኖሬያለሁ። የሰው በሬ ሰርቆ ጓሮው ካሰረው ከአጎቴ በምን እሻላለሁ? እሱ እንኳ በሦስተኛው ቀን ተገኝቷል።

አስተማሪው ለቅሶም ስብከትም አላመጣብንም። “ጥሩ አድርገሽ አስገብተሻታል” አላት፤ “አምስት ከአምስት።” ቀዩን እስክሪብቶ አንስቶ ዜሮውን ሊሰርዝ ሲል እጁን ያዝኩት።

“አትሰርዘው።”

“ለምን እማማ?”

“ትክክለኛ ዜሮ ነው። እኔ ያጉረመረምኩት ያለ ባለቤቱ በመጻፉ ነው። የማን እንደሆነ ጻፍበት።”

ሳቀ። ከዚያ ግን እውነቴን መሆኑን ሲያይ ከዜሮው አጠገብ “የአያት” ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩ ደግሞ አምስት ከአምስት ጻፈና “የሲፈን” አለበት። ፍርድ እንዲህ ነው። ስወጣ ትከሻውን ስሜ መረቅኩት፤ ልጅ ይውጣልህ፣ ጉሮሮህ አይድረቅ፣ ጠመኔህ አይለቅ አልኩት። ወርቅ ቢሰጠኝ ኖሮ እንዲህ አላመሰግነውም ነበር። ብዙ ሰው በሕይወቴ አስተካክሎኛል፤ ሳይጮኽብኝ ያስተካከለኝ ግን እሱ ብቻ ነው። ለዘበኛውም በሩ ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት። “እህ!” አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ከሲፈን ጋር ቤት ስንደርስ ዘይነባ ደረጃው ላይ ጠበቀችን።

“ዳኛዋ፣ ፈረዱልሽ?”

“ፈረዱብኝ።”

“እልልል!” አለች፣ ጎረቤቱ ሁሉ እስኪወጣ።

ሲፈንን ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። እኔ ዱካ ላይ ዝቅ ብዬ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። እንደ ደንቡ ከሆነ በዳይ ነው ዝቅ የሚለው፤ ተበዳይ ነው ካሳውን የሚጠራው።

“ሲፈን፣ በድዬሻለሁ” አልኳት። “ካሳሽ ምንድን ነው?”

ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ።

“አሻንጉሊት ግዢላት!” አለች ዘይነባ ከበሩ ላይ።

“አንቺን ማን ጠየቀሽ? እሷን ነው የጠየቅኳት!”

ዘይነባም ገብታ ቁጭ አለችና ዝም አለች፤ ይህም በራሱ ተአምር ነው። ጠበቅን። የነጠላዬን ጥለት በጥርሴ ያዝኩ። ከታች የሆነ ሰው መኪና ሊያስነሳ ይታገላል። ሲፈን ጣቶቿን አየች፣ መስኮቱን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያም እናቷ በልጅነቷ ስትናገር እንደነበረው ቀስ ብላ፣ ግን ቃል ሳትውጥ መለሰችልኝ።

“እሑድ እማዬ ስትደውል ስልኩን ለእኔ ስጪኝ። አንቺ ደግሞ እትዬ ዘይነባ ቤት ሂጂ። በሩን እኔ እዘጋዋለሁ።”